ደገኛዋን የውሃ ተርብ ፎቶ ስለማንሳት

የውሃ ተርብ ከኩሬ፣ ከሐይቅና ከወንዝ ዳር የማትታጣ፣ አራት ክንፎችና ቀጭን ረጅም ሆድ ያላት በራሪ አዳኝ ናት። ሕፃናት ቢፈሯትም መንደፊያ የላትም፤ የምትኖረው ትንኝና ዝንብ በአየር ላይ እየለቀመች ነው። ከቅርብ ዘመዶቿ ጋር ሲቆጠር በዓለም ላይ ከ6,000 የሚበልጡ ዝርያዎች ተለይተው ታውቀዋል። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2021 የእነዚህን ዝርያዎች ይዞታ ለመጀመሪያ ጊዜ በምልዓት ገምግሞ፣ ከ6,016 ዝርያዎች 16 በመቶው የመጥፋት ሥጋት እንዳንዣበበባቸው አስታውቋል። ምክንያቱ በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነው፤ ረግረጉ ይደርቃል፣ ጅረቱ ይበከላል፣ የወንዝ ዳር ደን ይመነጠራል።

የኢትዮጵያ ደጋማ ምድር ዙሪያውን በቆላ ተከቦ ለብዙ ዘመን ብቻውን የኖረ በመሆኑ፣ ቀይ ቀበሮና ዋልያ እንዳሉት ሁሉ የራሱ የውሃ ተርቦችም አሉት። እዚህ የሚጠሩት በሳይንሳዊ ስማቸው ነው። ፕሱዳግሪዮን ካፊነም የተባለችው ቀጭን ዝርያ ስሟን ያገኘችው ከካፋ ነው። ኖቶጎምፈስ ሩፔሊ የተሰየመችው እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ኢትዮጵያን በጎበኘው በጀርመናዊው ተመራማሪ በኤድዋርድ ሩፔል ስም ነው። ፓራጎምፈስ ክሬኒጎምፎይደስ ደግሞ ለሳይንስ የተዋወቀችው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው፤ የገለጿት ቪዮላ ክላውስኒትዘርና ክላስ ዳውቨ ዳይክስትራ የተባሉ ተመራማሪዎች በዚያው ጽሑፍ የአገሪቱን የውሃ ተርቦች ሁኔታ በጥቅሉ ዳስሰዋል። ለፎቶግራፍ አንሺ ከሁሉም ይልቅ ጥሩ ማሳያ የምትሆነው ግን አቶኮኔውራ ኤቲዮፒካ ናት። ለንደን በሚገኘው የብሪታንያ ሙዚየም የተፈጥሮ ታሪክ ክፍል ይሠራ የነበረው ኪሚንስ እ.ኤ.አ. በ1958 የሰየማት ይህች ዝርያ ከኢትዮጵያ ውጭ አትገኝም። ወገኖቿ በሙሉ የአፍሪካ ከፍተኛ ቦታዎች ነዋሪዎች ስለሆኑ እዚህ ላይ «ደገኛዋ» ብሎ መጥራቱ ይቀላል። ርዝመቷ ወደ 4 ሳንቲሜትር ነው። መደቧ ጥቁር ሆኖ ደረቷን ቢጫ ሰንበር፣ ሆዷን ጥንድ ጥንድ ሆነው የተደረደሩ ቢጫ ነጠብጣቦች ያስጌጧታል።

እንዲህ ያለችው ብርቅዬ ናት ሲባል በየቦታው አንድ ሁለት እየሆነች ትገኛለች ማለት አይደለም። የምትኖርበት ስፍራ ጠባብ ነው እንጂ፣ ትክክለኛው ጅረት ዳር ፀሐይ ሲወጣ ወንዶቹ በየጥቂት ሜትሩ ተራርቀው ቅርንጫፍ ቅርንጫፋቸውን ይዘው ሊታዩ ይችላሉ። ከዚያ ጅረት ተወጥቶ ደኑ የተመነጠረበት ቦታ ሲደረስ ደግሞ አንድም አትገኝም። ስለዚህ የፎቶግራፉ ሥራ ግማሹ የሚያልቀው ካሜራው ከቦርሳ ሳይወጣ ነው። የሚፈለገው ቀዝቃዛ፣ ጥርት ያለ፣ ድንጋያማ፣ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስስ የደጋ ጅረት ነው፤ ዳር ዳሩን ዛፍ ያጠላበት፣ እዚህም እዚያም ግን የፀሐይ ብርሃን ሰብሮ የሚገባበት። ሙሉ በሙሉ የተጋለጠ ወንዝ አይሆንም፤ ፀሐይ የማይደርስበት ጨለማም አይሆንም። ከጎባ ተነሥቶ የሳነቴን አምባ አቋርጦ ወደ ሪራ የሚወርደው መንገድ የሚያደርሰው የሐረና ደን፣ እንዲሁም የምዕራቡ የካፋና የጅማ አካባቢ ደኖች እንዲህ ያሉ ጅረቶች የሚገኙባቸው ናቸው። መንደር አቅራቢያ ያለ ጅረት ሲሆን ልብስ የሚታጠብበትንና ከብት የሚጠጣበትን መሻገሪያ አልፎ ወደ ላይኛው ምንጭ መውጣት ይሻላል፤ የሳሙናው አረፋና የከብቱ ኮቴ ያላወከው ውሃ የሚገኘው እዚያ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ወቅትና ሰዓት ነው። ክረምት ሲበረታ ጅረቱ ይደፈርሳል፣ ይሞላል፣ ፀሐይም ለቀናት አይታይም፤ የውሃ ተርብ ደግሞ ያለ ፀሐይ አትንቀሳቀስም። የምትበርርባቸው ጡንቻዎች ያሉት ደረቷ ውስጥ ነው፤ እነዚህ ጡንቻዎች በቂ ሙቀት ካላገኙ ክንፉን ማንቀሳቀስ አይችሉም። ከመቀመጥ ይልቅ ሲበሩ የሚውሉት ትልልቅ ዝርያዎች ከመነሣታቸው በፊት ክንፋቸውን እያርገበገቡ ራሳቸውን ያሞቃሉ። እንደ ደገኛዋ ያሉት፣ ቀኑን በአብዛኛው ተቀምጠው የሚያሳልፉት ግን ፀሐይ ይሞቃሉ። ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ባለ የደን ሸለቆ ውስጥ ፀሐይዋ ውሃው ላይ የምታርፈው አርፍዳ ስለሆነ፣ ማልዶ መነሣት ብዙ ትርፍ የለውም፤ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ያለው ጊዜ ይበቃል። ማልዶ መነሣት የሚጠቅመው በሌላ በኩል ነው። ቅዝቃዜው የያዛት የውሃ ተርብ ቅጠል ላይ ተለጥፋ ጤዛ ለብሳ ከተገኘች አትሸሽም፤ ተራ የእጅ ስልክ ያለው ሰው እንኳ ጥቂት ሳንቲሜትር ድረስ ተጠግቶ ሊያነሳት ይችላል። ችግሩ ቦታዋን ማግኘቱ ላይ ነው። ሌሊቱን ብዙውን ጊዜ ከውሃው ርቃ፣ ከፍ ያለ ዛፍና ቁጥቋጦ ውስጥ ታሳልፋለች።

ቀን ቀን ውሃው ዳር የሚታዩት ወንዶቹ ናቸው። ወንዱ ፀሐይ የምታገኘውን አንዲት ቁራጭ ጅረት ይይዛል፤ ውሃው ላይ ያዘነበለ ጭራሮ ወይም ድንጋይ መርጦ ይቀመጥና ሌላ ወንድ ሲያልፍ ተነሥቶ ያባርራል፣ ትንኝ ሲያይም ተነሥቶ ይይዛል፣ ከዚያ ወደዚያው ጭራሮ ይመለሳል። ይህ አመሉ ለፎቶግራፍ አንሺው ትልቅ ውለታ ነው። ሲበር ተከትሎ የሚሮጥ ሰው ጅረቱን ከማደፍረስና እግሩን ከማራስ በቀር የሚያገኘው የለም። የሚቀመጥባትን ጭራሮ ለይቶ፣ እርሱ በሌለበት ቅጽበት ሁለት እርምጃ ጠጋ ብሎ መጠበቅ ያዋጣል። ሲመለስ ሰውየውን እንደ ጉቶ ቆሞ ያገኘዋል፤ የቆመ ነገር ብዙም አያስፈራውም።

የሚያስፈራው እንቅስቃሴ ነው። የውሃ ተርብ ዓይን እስከ 30,000 በሚደርሱ ጥቃቅን ዓይኖች የተገነባ ሲሆን፣ የጭንቅላቷን አብዛኛውን ክፍል ይዞ ፊት ለፊትን፣ ላይንና ጎንን በአንድ ጊዜ ያያል። ደከም የሚለው ከኋላና ከታች በኩል ነው። ይህ ዓይን ከሁሉ በላይ የሚለየው ወደ ጎን የሚሄድን ነገር ነው፤ በቀጥታ መስመር ቀስ እያለ የሚጠጋ ነገር መጠኑ ቢያድግም ቦታውን የለወጠ አይመስላትም። ስለዚህ ወደ እርሷ የሚደረገው ጉዞ ዝቅ ብሎ፣ ክንድ ሳይወራጭ፣ በቀጥታ መስመር ይሆናል። ካሜራው ከመጀመሪያው ፊት ላይ ተደግኖ መሄድ አለበት፤ ብዙ ሰው የሚሸነፈው አጠገቧ ከደረሰ በኋላ ካሜራውን ለማንሣት እጁን ሲያንቀሳቅስ ነው። ጥላም እንዳያርፍባት ፀሐይዋ ከየት እንደሆነች አስቀድሞ መታየት አለበት። ጥላ ያረፈበት ወንድ ወዲያው ይነሣል፤ እንዲህ በተደጋጋሚ የተባረረ ወንድ ደግሞ ቦታውን ለቅቆ ሊቀር ይችላል። ይህን ሁሉ በብርቅዬዋ ላይ መለማመድ አይገባም። በሐዋሳና በዝዋይ ሐይቅ ዳር እንደ ልብ የሚገኙት ቀያዮቹ ዝርያዎች፣ ትሪቴሚስ አርቴሪዮሳና ክሮኮቴሚስ ኤሪትራያ፣ አመላቸው ተመሳሳይ ስለሆነ ለልምምድ ይበቃሉ።

ስለ ዕቃው ብዙ ተብሏል፤ ከተባለውም ብዙው አላስፈላጊ ነው። በተግባር የሚለየው ሌንሱ ከስንት ርቀት ይሠራል የሚለው ነው። 100 ሚሊሜትር የሆነ የማክሮ ሌንስ ነገሩን በትክክለኛ መጠኑ ለማንሳት ከሌንሱ ጫፍ እስከ ነገሩ አንድ ስንዝር እንኳ አይተውም፤ ፀሐይ የሞቀችው የውሃ ተርብ ይህን ያህል አታስጠጋም። 300 ወይም 400 ሚሊሜትር የሆነ፣ ከአንድ ሜትር ተኩል አካባቢ ጀምሮ ፎከስ የሚያደርግ ቴሌፎቶ ሌንስ ግን ከጅረቱ ወዲህ ማዶ ሆኖ ሥራውን ይጨርሳል። ማክሮው ለማለዳዋ፣ ቴሌፎቶው ለቀትሯ ነው። ከሁለቱ አንዱን ብቻ መያዝ የሚችል ሰው ቴሌፎቶውን ቢይዝ ይሻላል።

በቅርብ ፎቶ ላይ ትልቁ እንቅፋት ጥርት ብሎ የሚታየው ክልል መጥበቡ ነው፤ ቁጥሩ ሲታይ ነገሩ ግልጽ ይሆናል። ሙሉ ፍሬም በሚባለው ካሜራ፣ ሌንሱ በኤፍ 8 ተከፍቶ ነገሩ በትክክለኛ መጠኑ ግማሽ ሴንሰሩ ላይ ሲያርፍ፣ ጥርት የሚለው ውፍረት 3 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነው። በሙሉ መጠኑ ሲነሣ ወደ 1 ሚሊሜትር ይወርዳል። የውሃ ተርብ ደረት ከዚህ ይወፍራል፤ ከጭንቅላት እስከ ሆድ ጫፍ ያለው ርዝመትማ አይነሣም። የሌንሱን ቀዳዳ ወደ ኤፍ 16 ማጥበብ ክልሉን እጥፍ ያደርገዋል፤ ዋጋው ግን ሁለት ነው፤ ብርሃን ወደ ሩብ ይወርዳል፣ ምስሉም በጠባቡ ቀዳዳ ምክንያት ጠቅላላ ጥራቱን ያጣል። የተሻለው መፍትሔ ምንም ወጪ የለውም። የካሜራው ጀርባ ከነፍሳቷ ገላ ጋር ትይዩ እስኪሆን ድረስ የራስን አቋም ማስተካከል ነው። ከጎን ሲነሣ ከዓይን እስከ ሆድ ጫፍ ያለው መስመር ከካሜራው እኩል ርቀት ላይ መዋል አለበት፤ ከላይ ሲነሣ አራቱም ክንፎች አንድ ገጽ ላይ መሆን አለባቸው። ጥቂት ዲግሪ ዘወር ሲባል ዓይኗ ጠርቶ ጅራቷ ይደበዝዛል። ሁሉንም በአንድ ላይ ማጥራት ካልተቻለ ዓይኗ ይቅደም የሚለው የቁም ሥዕል ልማድ ለውበት ጥሩ ነው፤ ለመለየት ግን፣ ቀጥሎ እንደሚታየው፣ አንዳንዴ ዓይኗ ደብዝዞ ጅራቷ መጥራቱ ይበልጣል።

በደን ውስጥ ብርሃኑ የተዘበራረቀ ነው። አንዱ ክንፍ ፀሐይ ላይ፣ ሌላው ጥላ ውስጥ ይሆናል፤ ጥቁር ገላና ቢጫ ነጠብጣብ ባላት ደገኛ ላይ ይህ ሲጨመር ካሜራው ጥቁሩን ለማብራት ሲል ቢጫውን ነጭ አድርጎ ያቃጥለዋል። ካሜራው የሚቀበለውን ብርሃን ትንሽ ቀነስ አድርጎ ቢጫውን ማዳን ይመረጣል፤ የጠቆረ ፎቶ በኋላ ይነጣል፣ የተቃጠለ ቢጫ ግን አይመለስም። ፍላሽ በቀጭን ነጭ ጨርቅ ወይም ፕላስቲክ ካልተለሰለሰ ክንፉ ላይ እንደ መስተዋት ያንጸባርቃል፣ ዓይኗ ላይም ነጭ ነጥብ ይተዋል። ተለስልሶ በጥቂቱ ሲጨመር ግን ጥላውን ይሞላል።

በበረራ ላይ የሚነሣው ፎቶ ከሚገባው በላይ ይወደሳል። ክንፏ በሰከንድ ወደ 30 ጊዜ ስለሚመታ በ1/2000 ሰከንድ እንኳ ጫፉ በመጠኑ ይደበዝዛል። አንድ ቦታ ላይ አየር ላይ ተንሳፍፎ የመቆም ልማድ ያላቸውን ዝርያዎች ፎከስን አስቀድሞ በእጅ አስተካክሎ በመጠበቅ ማንሳት ይቻላል። ለደገኛዋ አስፈላጊ አይደለም።

ፎቶው ከጌጥነት አልፎ ማስረጃ እንዲሆን ከተፈለገ አንድ ማዕዘን አይበቃም። ከጎን የሚነሣው ደረቱ ላይ ያለውን ሰንበር ያሳያል። ከላይ የሚነሣው በአሥር ክፍሎች በተከፋፈለው ሆድ ላይ ቢጫው ነጠብጣብ የት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ፣ እንዲሁም የክንፎቹን ጅማቶችና ጫፋቸው አጠገብ ያለችውን ባለቀለም ምልክት ያሳያል። ፊት ለፊት የሚነሣው የግንባርና የከንፈር ቀለም ይሰጣል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ወንዱ ሴቷን ከራሷ ጀርባ የሚይዝባቸው፣ በሆዱ ጫፍ ላይ ያሉት መቆንጠጫዎች ናቸው። ቅርጻቸው ከዝርያ ዝርያ ይለያያል፤ ከላይም ከጎንም መነሣት አለባቸው። በተጨማሪም ወንድ የውሃ ተርብ ሁለተኛ የተራክቦ አካሉን የተሸከመው በሁለተኛው የሆድ ክፍሉ ሥር ነው፤ ሰውየው ከነፍሳቷ ቁመት ዝቅ ብሎ ከጎን ካነሣ ከገላው ወጣ ብሎ ይታያል። ተመራማሪ እጁ ላይ ይዞ በአጉሊ መነጽር የሚያየውን ይህን ጎላ ያለ ጉብታ ፎቶግራፍ አንሺ ከጅረት ማዶ ሊይዘው መቻሉ ትንሽ ነገር አይደለም።

ይህ ሁሉ ለደገኛዋ ያን ያህል ግድ ላይሆን ይችላል። የእርሷ ወገን ዝርያዎች እርስ በርስ እጅግ ይመሳሰላሉ፤ ሆኖም ኢትዮጵያ ውስጥ ያለችው እርሷ ብቻ ስለሆነች፣ ወገኗ ከታወቀና ፎቶው የት እንደተነሣ ከተረጋገጠ ነገሩ አለቀ። የቦታው መረጃ ከመልኳ እኩል ይመሰክራል ማለት ነው። ኦርቴትረም ክሪስተንሴኒ ግን ሌላ ጣጣ ናት። እርሷም የኢትዮጵያ ብቻ ናት፤ ወንዱ ሲጎለምስ ሰማያዊ ይሆናል። እዚያው ደጋ ላይ የሚኖሩ፣ በስፋት የተሰራጩ የወገኗ ሰማያዊ ዝርያዎች ስላሉ ከጀርባ የተነሣ አንድ የሚያምር ሰማያዊ ፎቶ ማንን እንደሚያሳይ ለመናገር አያስችልም። ዕድሜም ያምታታል። ሰማያዊው ቀለም ከገላው ላይ እንደ ዱቄት የሚወጣ ሰም ነው፤ ወጣቱ ወንድ ገና አልለበሰውም፣ ስለዚህ ቡናማ ሆኖ ሰንበሩ ይታያል፤ አዛውንቱ ደግሞ ሰንበሩ በሰሙ ተሸፍኗል። በእንዲህ ያለችው ላይ የሆድ ጫፉና የሁለተኛው ክፍል ሥር ፎቶ ከሌለ ድካሙ ከንቱ ነው።

ሴቷ ከወንዱ በብዙ እጥፍ ለማየት ታስቸግራለች። ውሃው ዳር የምትመጣው ለተራክቦና ዕንቁላል ለመጣል ብቻ ነው፤ የሆዷን ጫፍ ውሃውን እያስነካች ስትጥል ወንዱ ከላይ ሆኖ ይጠብቃታል። የሚቀረውን ጊዜ ከጅረቱ ርቃ በደኑ መግቢያና በገላጣው ቦታ ስለምታድን፣ ወደ ጅረቱ የሚወስደውን የእግር መንገድ በጥንቃቄ እያዩ መሄድ አንዳንዴ ከጅረቱ ይበልጥ ይክሳል።

ከዕንቁላሉ የሚወጣው እጭ በውሃ ውስጥ ለወራት፣ በአንዳንድ ዝርያ ለዓመታት ይኖራል። ሲበስል ድንጋይ ወይም ሣር ላይ ይወጣል፤ ጀርባው ይሰነጠቃል፣ ለስላሳዋ የውሃ ተርብም ትወጣለች፤ የተጨማደደው ክንፏ ደም ገብቶት ይዘረጋል። ይህ ቅጽበት ለፎቶ የሚያጓጓውን ያህል አደገኛ ነው። ክንፏ ሳይደርቅ የተነካች ወይም የምትይዘው ሣር የተናወጠባት ተጣምማ ትደርቃለች፤ ከዚያ በኋላ አትበርም። ስትሄድ ጥላው የምትሄደው ባዶ ቆዳ ግን የማንንም ዕንቅልፍ አይነሣም። ከየአቅጣጫው ከመለኪያ ጋር ተነሥቶ ሊመዘገብ ይገባል፤ ምክንያቱም በራሪዋ ከሌላ ሸለቆ የመጣች ልትሆን ትችላለች፣ ቆዳው ግን ዝርያዋ እዚያው ጅረት ውስጥ እንደተራባች ያረጋግጣል።

አንዳንድ ፎቶግራፍ አንሺዎች ነፍሳትን በመረብ ይዘው፣ በማቀዝቀዣ አደንዝዘው፣ የመረጡት ቅጠል ላይ አስቀምጠው ያነሣሉ። ፎቶው ጥርት ያለ ይሆናል፤ የሚያሳየው ግን ሐሰት ነው፤ ያች ነፍሳት በዚያ ቅጠል ላይ፣ በዚያ አኳኋን አልተቀመጠችም። ብርቅዬ በሆነች ዝርያ ላይ ማድረግ ደግሞ ነውር ነው። ከዚህም ሌላ በኢትዮጵያ የጄኔቲክ ሀብትን ማግኘት በአዋጅ ቁጥር 482/1998 ይገዛል፤ ናሙና መውሰድ ፈቃድ ይጠይቃል፣ በብሔራዊ ፓርክ ውስጥም የፓርኩ ሕግ አለ። ፎቶ ማንሳት ግን ነፍሳቷን ከጅረቷ አይወስዳትም። በተረፈ የሚፈለገው ጥንቃቄ ቀላል ነው፤ የጅረቱን ዳር አለመርገጥ፣ ድንጋይ አለመገልበጥ፣ ለፎቶው እንዲመች ተብሎ ወንዱ የሚቀመጥበትን ጭራሮ አለመስበር።

ፎቶው ከተነሣ በኋላ ያለው ሥራ መዝገቡ ነው፤ በኢትዮጵያ ደግሞ እዚህ ላይ ብዙ አገር የሌለ ወጥመድ አለ። ካሜራው ቀንና ሰዓቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ይጽፋል፤ ማስታወሻ ደብተሩ ላይ የሚጻፈው በአብዛኛው በኢትዮጵያ ነው። ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ከጠዋቱ 4 ሰዓት ተብሎ የተጻፈው በካሜራው ላይ ኦክቶበር 22 ቀን 2024፣ 10 ሰዓት ሆኖ ይገኛል። «12/2/2017» ተብሎ በአጭሩ የተጻፈ እንደሆነ፣ የውጭ አገር ተመራማሪ አንዱ ፌብሩዋሪ 12፣ ሌላው ዲሴምበር 2 ብሎ ያነብበዋል፤ ዓመቱም በሰባት ዓመት ይሳሳታል። በአንድ ወቅት ብቻ የምትታይ ዝርያ በሌለችበት ወር ተመዝግባ ትቀራለች። መድኃኒቱ የወሩን ስም በፊደል መጻፍና የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ማመልከት ነው። የጂ.ፒ.ኤስ. ነጥብ፣ ከባሕር ወለል በላይ ያለው ከፍታ፣ የጅረቱ ስፋት፣ ጥላና ፀሐዩ፣ በዳሩ ያለው ተክል፣ ስንት ወንድና ስንት ሴት እንደታዩ አብሮ ይሰፍራል። ነፍሳቷ ያረፈችበትን ጅረት በሰፊው የሚያሳይ ፎቶም አይረሳም፤ በኋላ ደኑ ቢለወጥ ያ ፎቶ ከነፍሳቷ ፎቶ ያላነሰ ዋጋ ይኖረዋል።

እንዲህ የተሟላ ፎቶ የሚያመዛዝነው ባለሙያ አያጣም። ዳይክስትራና ክላውስኒትዘር እ.ኤ.አ. በ2014 ያሳተሙት የምሥራቅ አፍሪካ የውሃ ተርቦች መጽሐፍ ኢትዮጵያንም ያካትታል። እ.ኤ.አ. በ2015 ዳይክስትራና ባልደረቦቹ 60 አዳዲስ የአፍሪካ ዝርያዎችን በአንድ ጽሑፍ ሲያስተዋውቁ፣ ብዙዎቹ ከፎቶ ብቻ ሊለዩ የሚችሉ ነበሩ። አይናቹራሊስት በመሳሰሉ የተፈጥሮ መዝገቦች ላይ ፎቶ ሲቀመጥ ትክክለኛ ቦታውን ከሕዝብ ሸፍኖ ለተመራማሪዎች ብቻ መስጠት ይቻላል፤ አንዲት ትንሽ ጅረት የጎብኚ ብዛት አትችልምና በጠባብ ቦታ ለሚኖሩት ይህ ይመረጣል። በፎቶው ላይ ዝርያውን በማያሻማ ሁኔታ የሚለየው ምልክት ካልታየ መዝገቡ በወገኑ ስም ብቻ ይሞላል፤ የሆድ ጫፉ ያልታየ ሰማያዊ ወንድ «ኦርቴትረም፣ ዝርያው ያልተለየ» ተብሎ ይቀመጣል።